የጨረባ ተዝካር ሲቆጠር፦ በጣና ዳር መንደር ስዊፍቶችን ለመከታተል

ክረምቱ ሊገባ ሲል አመሻሽ ላይ ከጣና ዳር መንደሮች በአንዱ ትምህርት ቤት ግቢ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ስዊፍት የሚባሉ፣ ክንፋቸው ማጭድ የሚመስል ጥቋቁር ወፎች ጣሪያውን ታክከው በቡድን ይዞራሉ። ይጮኻሉ። ከዚያ አንዷ ድንገት ከኮርኒሱ ሥር ትሰወራለች። ወዴት ገባች ስትሉ ሌላዋ ደግሞ ትወጣለች። የጨረባ ተዝካር የሚባለው ነገር እንዲህ ነው እላለሁ በልቤ። ላላፊ አግዳሚው ግርግር ነው። ቁጭ ብሎ ለሚቆጥር ሰው ግን መግቢያና መውጫው የታወቀ ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ ወፍ ምንም ላልተማረ በጎ ፈቃደኛ ነው። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ደብተር፣ እርሳስ፣ ሰዓት ያለው ስልክ፣ የሚታጠፍ ወንበር ወይም በርጩማ ይበቃል። ባይኖኩላር ካለ ጥሩ፣ ከሌለም አትጨነቁ። እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እስክሪብቶ የጣናን ዝናብ አይችልም። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ሰዓት ማክበር ነው። ስዊፍት የሐበሻ ቀጠሮ አታውቅም።

በመጀመሪያ ወፏን ለዩ

እኔ በመጀመሪያው ዓመት በኩራት ከቆጠርኳቸው ወፎች ብዙዎቹ ስዊፍት አልነበሩም። ጨረባዎች ነበሩ። መልካቸውም አበራረራቸውም ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ሁለቱን ይደባልቃቸዋል። በዝርያ ግን ዘመድ አይደሉም። እንዲያውም ስዊፍት ለጨረባ ከምትቀርበው ይልቅ በአሜሪካ አህጉር አበባ ለአበባ እየዞሩ የአበባ ማር ለሚመጥጡት ደቃቅ ወፎች ትቀርባለች።

መለያው ቀላል ነው። የመብራት ሽቦ ላይ፣ ቅርንጫፍ ላይ ወይም አጥር ላይ ካረፈች ስዊፍት አይደለችም። የስዊፍት እግር በጣም አጭር ነው፤ ጥፍሮቿ የተሠሩት ግድግዳ ላይ ለመንጠልጠል እንጂ ሽቦ ጨብጦ ለመቀመጥ አይደለም። የምትበላው አየር ላይ ነው። ለጎጆዋ የሚሆን ላባና ሣርም ነፋስ ሲያነሳው አየር ላይ ትለቅመዋለች። ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚመላለሱት ዘመዶቿማ ይብሳሉ። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት አንዳንዶቹ አሥር ወር ሙሉ ሳያርፉ እንደሚበሩ አሳይተዋል። እነዚህ በእኛ ሰማይ ያልፋሉ እንጂ እዚህ ጎጆ አይሠሩም። ጥቁር ሆነው ከፍ ብለው ካለፉ «አላፊ» ብላችሁ ለብቻ ጻፏቸው።

ሕንፃ ላይ የምንከታተላት ትንሿ ስዊፍት ናት። ርዝመቷ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጉሮሮዋ ነጭ ነው፤ ከጅራቷ በላይ ወገቧ ላይም ሰፊ ነጭ ምልክት አላት። ጅራቷ አይሰነጠቅም፤ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ነጩ ቀጭን ሆኖ ጅራቷ ሹካ ከሆነ ሌላ ዝርያ ናት። እሷ ደግሞ ጎጆ ከመሥራት ይልቅ ጨረባ የሠራችውን የጭቃ ጎጆ መቀማት ይቀናታል። ሦስተኛዋ የዘንባባ ስዊፍት ናት፤ ቀጭን፣ ግራጫማ፣ ጅራቷ ረጅም። ስለ እሷ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ቡድናችሁን አንድ ምሽት ለዚህ ብቻ አሰባስቡ። ምንም አትቁጠሩ። እያንዳንዱ ሰው ወፍ እያየ «ስዊፍት»፣ «ጨረባ» ይበል። የሚሳሳት ሲጠፋ ሥራ ትጀምራላችሁ።

ፈቃድ ቀድሞ ይለቅ

ባይኖኩላር ይዞ አመሻሽ ላይ ሕንፃ ላይ ያፈጠጠ ሰው ይጠረጠራል። መጠርጠሩም ተገቢ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ለቀበሌው አንድ ገጽ ደብዳቤ አስገቡ፦ ማን፣ የት፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት። የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት የተመዘገበ መሆኑን ብትጠቅሱ ወፍ ቆጠራው የቀልድ አይመስልም። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ እያንዳንዱ ቆጣሪ ይያዝ። የጸጥታው ሁኔታ ማምሸት በማይፈቅድበት ጊዜ የማታውን ቆጠራ ተዉትና ንጋት ላይ ቁጠሩ።

ድልድይ ሥር ስዊፍት መኖሯ የታወቀ ነው። ቢሆንም ዓባይ ድልድይ ላይ፣ አሮጌውም ይሁን በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ፣ ያለ ፈቃድ ባይኖኩላርም ካሜራም አታውጡ። እኔ አንድ ድልድይ ዳር ለጥበቃው ስለ ወፍ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ የሳቀልኝ ደብዳቤውን ሳሳየው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ አናግሩ። «አባ፣ ግድግዳው አንነካም፣ ከውጭ ቆመን ብቻ ነው» በሏቸው፤ እንዳላችሁትም ሁኑ። እንደ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ስላሉ ተራ ስታወጡ ይህን አስቡበት። በበዓል ቀንና በቅዳሴ ሰዓት ቆጠራ አይያዝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ወዳጅ ግን ዘበኛው ነው። የእኛ ምርጥ በጎ ፈቃደኛ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው «ልጄ፣ እነዚያ ወፎችሽ ዛሬ ላባ ሲያስገቡ ዋሉ» ብለው ለአንዷ ቆጣሪያችን ይነግሯታል። እሳቸው ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው፣ እኛ በሳምንት አንዴ ነን። ሻይ ጋብዟቸው፣ ደብተሩንም አሳይዋቸው።

ሕንፃውን ሳሉት

ቀን ላይ ሂዱና ሕንፃውን በአራቱም በኩል ዙሩት። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ግድግዳ ላይ ወደ ታች የወረደ የኩስ መስመር፣ መሬት ላይ የወደቀ ላባ፣ ከኮርኒስ ሥር ወይም ከበረንዳ ጣሪያ ጥግ የተለጠፈ የላባና የሣር ድብልቅ። ትንሿ ስዊፍት ጎጆዋን በምራቋ ነው የምታጣብቀው። ብዙ ጊዜ ጎጆዎቹ ተደራርበው አንድ ትልቅ ጉብታ ይመስላሉ። ስለዚህ ጎጆውን ሳይሆን ቀዳዳውን ቁጠሩ።

ከዚያ ደብተር ላይ የግድግዳውን ቅርጽ ሳሉ። በርና መስኮቱን አስገቡ፤ እነሱ ናቸው ምልክታችሁ። እያንዳንዱን ቀዳዳ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጥር ስጡት። ግድግዳው ላይ ግን ምንም አትጻፉ፣ አትቀቡ። ከአንድ ቦታ ላይ ሆናችሁ ፎቶ አንሡ፤ የቆማችሁበትን ቦታ በእርምጃ ለክታችሁ መዝግቡ፦ «ከባንዲራው እንጨት 15 እርምጃ፣ ፊት ወደ ሐይቁ»። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ቢመጣ እዚያው ቦታ ላይ መቆም አለበት።

አንድ ቀዳዳ ቢጠፋ ቁጥሩን ለሌላ አትስጡ። ቁጥር 7 ከፈረሰ 7 ፈርሷል። አዲሱ ሌላ ቁጥር ያገኛል። እኛ ይህን ሳናውቅ ቁጥር እያሸጋሸግን የአንድ ክረምት መዝገብ አበላሽተናል።

የምሽት ቆጠራ

ጀንበር ከመጥለቋ 45 ደቂቃ በፊት ቦታ ያዙ። በእኛ አካባቢ ይህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ 12 ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች። በሰኔና በሐምሌ ግን 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ትቆያለች። ስለዚህ በኅዳር 11 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሰኔ 12 ሰዓት ላይ መቀመጥ አለባችሁ።

ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዱ ዓይኑን ከወፎቹ አይነቅልም፣ ሌላው ይጽፋል። ይህን ሕግ አትጣሱ። ለመጻፍ ሲያጎነብሱ ሦስት ወፍ ይገባል።

የመጀመሪያው ቆጠራ የሰማዩ ነው። በየአምስት ደቂቃው በአንድ እይታ በአየር ላይ የሚታዩትን ቁጠሩ። ብዙ ከሆኑ አሥሯን ለዩና ያ መጠን ሰማዩ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ገምቱ። ግምት ከሆነ «ግ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። በመጨረሻ የምትይዙት የምሽቱን ከፍተኛ ቁጥር ብቻ ነው። አትደምሩ! በሦስት ምሽት 20፣ 24 እና 22 ቢቆጠር መንደሩ ውስጥ 66 ስዊፍት አለ ማለት አይደለም። ያው ወፍ ነው ተመልሶ የመጣው። 24 ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው የቀዳዳው ነው። የገባ በአንድ ዓምድ፣ የወጣ በሌላ ዓምድ፣ በጭረት። ዓይናችሁን መንቀል ካልፈለጋችሁ ባቄላ ተጠቀሙ፦ ወፍ በገባ ቁጥር አንድ ፍሬ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ። ባቄላው ጥሬ ይሁን። አንድ ጊዜ ቆሎ የያዘ ልጅ መዝገባችንን በልቶታል።

ማቆሚያውስ? የሌሊት ወፍ መውጣት ሲጀምር። በጨለማ ሁለቱን የሚለይ ሰው አላየሁም፤ እለያለሁ የሚል ግን ብዙ አይቻለሁ። የመጀመሪያዋን የሌሊት ወፍ ያያችሁበትን ደቂቃ ጻፉና ደብተሩን ዝጉ።

ከሰዓቱ ጋር የአየሩን ሁኔታ አንድ መስመር ጻፉ፦ ደመና፣ ዝናብ፣ ነፋስ። ዝናብ አባርቶ ምስጥ ክንፍ አውጥቶ ሲነሳ ስዊፍቶች ከየት መጡ ሳይባል ይሞላሉ። ያን ምሽት ቁጥሩ ቢያድግ መንደራችሁ ውስጥ ስዊፍት ተራባ ማለት አይደለም፤ ግብዣ ስላለ ነው። ምስጥ ነበረ ብላችሁ ካልጻፋችሁ ግን በኋላ ማንም አያውቅም።

አንድም ወፍ ካልታየ ዜሮ ጻፉ። በጎ ፈቃደኞች ይህን ይጠላሉ። «ምንም የለም፣ ለምን እጽፋለሁ?» ይላሉ። ባዶ ገጽና ዜሮ ግን አንድ አይደሉም። ባዶ ገጽ ሰው አልመጣም ማለት ነው። ዜሮ ሰው መጥቶ ወፏ አልመጣችም ማለት ነው።

ጎጆ በጎጆ

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ በአሥር ቀን፣ በየቀዳዳው ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ትንሿ ስዊፍት ለማደሪያም ጎጆዋን ስለምትጠቀም ገብታ ታየች ማለት እንቁላል አለ ማለት አይደለም። እኛ በአራት ፊደል እንጽፋለን። «ሀ» ወፏ በቀዳዳው አጠገብ ዞረች ነው። «ለ» ገባች ወይም ወጣች። «ሐ» ላባ ወይም ሣር ይዛ ገባች። «መ» ጫጩት ተሰማ፣ ታየ ወይም የእንቁላል ቅርፊት ከሥሩ ተገኘ። «መ» ካልተጻፈ ተፈለፈለ አትበሉ።

እንቁላሎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፣ ነጭ። ሁለቱም ወላጆች ይታቀፋሉ። ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ጫጩቶቹ ለመብረር ከዚያ በኋላ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ላባ ሲገባ ካያችሁበት ቀን ጀምሮ ከሁለት ወር በላይ ትከታተላላችሁ። ምልልሱ ሲበዛና ከውስጥ ቀጭን ሲርሲርታ ሲሰማ ተፈልፍሏል። ወላጆች ምግቡን ጉሮሯቸው ውስጥ ጠቅልለው ስለሚያመጡ በምንቃራቸው ትል ይዘው አታዩም። ጉሮሮዋ ጎበጥ ብሎ ከታየ ይዛለች ማለት ነው።

መሰላል አትውጡ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም በየቡድኑ አንድ ደፋር አለ። እኛም ነበረን። መሰላሉ ተንሸራተተ፣ ልጁ እጁን ተጫረ፣ ወፏም ለሳምንት ጠፋች። እንቁላል መንካት፣ ጫጩት ማውጣት፣ እግር ላይ ቀለበት ማሰር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ስላለ በቀልድ የሚታይም አይደለም። ውስጡን ማየት ከፈለጋችሁ ከታች ሆናችሁ የቅርፊቱንና የኩሱን ነገር ተከታተሉ፤ ትኩስ ኩስ ራሱ ዜና ነው። የደረቀውን ግን በባዶ እጅ አትንኩ፣ አቧራውንም አትማጉ።

ከተማ ለሆናችሁ፦ ዘንባባው

ባሕር ዳር ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ሕንፃ ፍለጋ አትድከሙ። በየመንገዱ ዳር ያሉትን ዘንባባዎች ቀና ብላችሁ እዩ። የዘንባባ ስዊፍት የምትወደው አረንጓዴውን ቅጠል ሳይሆን ደርቆ ወደ ታች የተንጠለጠለውን ነው። ከቅጠሉ ሥር በምራቋ ትንሽ የላባ ንጣፍ ትለጥፋለች። እንቁላሎቿንም በምራቋ ንጣፉ ላይ ታጣብቃቸዋለች። ነፋስ ቅጠሉን ሲያወዛውዘው እንቁላሉ አይወድቅም። ወፏም ቀጥ ብላ ተንጠልጥላ ትታቀፋለች። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ አላመንኩም ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንድ መስቀለኛ መንገድ እስከ ሌላው ያሉትን ዛፎች ቁጠሩና ተራ ቁጥር ስጧቸው። በማለዳ እያንዳንዱ ዛፍ ሥር አሥር ደቂቃ ቁሙ። ወፍ የገባችበትን ዛፍና የደረቁ ቅጠሎቹን ብዛት ጻፉ። ባጃጅ አያይም፤ ቀና ብላችሁ አስፋልት እንዳታቋርጡ።

ችግሩ መቁረጡ ነው። የደረቀ ቅጠል ለጽዳት ሠራተኛ ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ወፍ ያለባቸውን ዛፎች ዝርዝር ቀድማችሁ ዛፎቹን ለሚንከባከበው ክፍል ስጡ። «አትቁረጡ» ካላችሁ አይሰሟችሁም። «እነዚህን ስድስቱን ለሁለት ወር አቆዩልን» ካላችሁ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

መሬት የወደቀች ካገኛችሁ

ወደ ላይ አትወርውሯት። ትንፋሽ የሚያስገባ የካርቶን ሳጥን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ፣ ጥላ ቦታ አስቀምጧት። ዳቦ፣ ወተት፣ እንጀራ አትስጧት፤ ውሃም በአፏ አታፍስሱ። ያልቆሰለች ትልቅ ወፍ ከሆነች ትንሽ ካረፈች በኋላ ሜዳ ላይ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ከራሳችሁ ከፍ አድርጉ። ራሷ ትነሳለች። ካልተነሳች አታስገድዷት፤ የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

ስለ ኩስና ስለ ቀለም

ሰው ጎጆ በዱላ የሚያፈርሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በረንዳው ስለሚቆሽሽ ነው። እማማ ያጠቡት ነጠላ ላይ ኩስ ሲወድቅ ስለ ሥነ ምህዳር ብትሰብኩ ማን ይሰማችኋል? ከጎጆው ሥር ጣውላ ስቀሉላቸው። ግን ከጎጆው አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ይበል። ስዊፍት ስትወጣ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዳ ነው የምትበረው። ጣውላው ከቀረባት መውጫ ያሳጣታል። የሚሰቀለውም ጎጆው ባዶ በሆነበት ወቅት ነው።

ሌላው ዕድሳት ነው። የማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ከክፍል መከፈቻ በፊት ብሎ በነሐሴ ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ደፈነ። ጫጩቶች ውስጥ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ሲነገራቸው በጣም አዘኑ፤ ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም። ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ መዝገቡ በእጃችን ነበርና። አሁን የቀዳዳዎቹን ሥዕል አንድ ቅጂ ለሕንፃው ባለቤት እንሰጣለን። ከግርጌው ላይ «ከመለሰንና ከመቀባት በፊት ይደውሉልን» ተብሎ ተጽፎበታል።

ደብተሩ የት ይደር

በየወሩ መጨረሻ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሡና ቢያንስ ሁለት ሰው ጋር አስቀምጡ። ኢንተርኔት ሲኖር ኢበርድ በሚባለው ነፃ መተግበሪያ ላይ ከቀኑና ከቦታው ጋር ጫኑት፤ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪም ሌላ አገር ያለ ተመራማሪም ያየዋል። ዋናው ደብተር ግን መንደሩ ውስጥ ይቆይ። የእኛው ደብተር በዘበኛው ክፍል፣ ከራዲዮው አጠገብ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እርሳሱ በሲባጎ ታስሯል። ሲባጎ ከማሰራችን በፊት በአንድ ወር አራት እርሳስ ጠፍቶብናል።